ሰው ሁሉ ሲገዛ ሽጥ፣ ሰው ሁሉ ሲሸሽ ግዛ፦ ይሄ ነገር የምር ይሠራል?

የአራት_ኪሎው፦

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት።

ስለ አክሲዮን የሚያወራ አንድ የቴሌግራም ቻናል እከታተላለሁ። በየቀኑ የሚለጥፈው አንድ ነገር ነው፤ «ሕዝቡ ወደሚሄድበት አትሂድ»። ታዋቂው አሜሪካዊ ባለሀብት ዋረን ባፌትም ሰው ሲስገበገብ ፍራ፣ ሰው ሲፈራ ተስገብገብ ብሏል ይላል። ከሥሩ ያለው ኮሜንት በሙሉ «ልክ ነው»፣ «እሳት ነህ» ነው። አንድም የተቃወመ የለም። ከሕዝቡ ተለዩ የሚል ቻናል ላይ ሕዝቡ ሁሉ ሲስማማ ትንሽ አሳቀኝ።

አሁን ጥያቄዬ። የኢትዮ ቴሌኮም ሼር ጥቅምት 2017 ላይ ለሽያጭ ሲወጣ የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ነበር፣ አንዱ በ300 ብር። የካቲት ላይ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። የገዛው ሰው 47,377። እንግዲህ በዚህ ሕግ ከሄድን፣ ሕዝቡ ስላልገዛ እኔ መግዛት ነበረብኝ? ወይስ 47 ሺህ ሰው ስለገዛ ሕዝቡ ገብቷል ብዬ መሸሽ? የቱ ነው ሕዝቡ?

እያላገጥኩ አይደለም። አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያው ጥር 2017 ላይ ተከፍቷል፣ ባንኮችም መመዝገብ ጀምረዋል። እኔም ትንሽ ብር አለችኝ። የምታውቁ አስረዱኝ።

ቦምብ_ተራ፦

ብሯን ለእኔ ላካት። እንደዚያ ያደረገ አንድም ሰው የለም፤ ከሕዝቡ ፍጹም ትለያለህ።

ጋሽ_ታዛቢ፦

ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አንድ ታሪክ ልንገርህና ራስህ ፍረድ።

በፈረንጆቹ 1999 ታክሲ እነዳ ነበር። ናሽናል ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ የሚወራው ሁሉ የኢንተርኔት ኩባንያ ነው። ቡናችንን ይዘን የመኪናው ኮፈን ላይ ደገፍ ብለን «ሲስኮ ስንት ገባ? ያሁስ?» እንባባላለን። ማንም ላይ አልፈርድም። በዚያ ዓመት ብቻ ናዝዳክ (የቴክኖሎጂ ኩባንያ የበዛበት የአሜሪካ ገበያ መለኪያ) ከመቶ 85 ጨምሯል። ሞኝ የሚባለው ዝም ብሎ የተቀመጠው ነበር።

በዚያው ጊዜ ኒውዮርክ ውስጥ ጁሊያን ሮበርትሰን የሚባል ሰው ነበር። ታይገር ማኔጅመንት የሚባለውን፣ የሰው ገንዘብ ተቀብሎ አክሲዮን የሚነግድ ድርጅት በ1980 በ8.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጀምሮ በ1998 ወደ 22 ቢሊዮን አድርሶታል። ይሄ ሰው «የእነዚህ ኩባንያዎች ዋጋና የሚያገኙት ገቢ አይገናኝም» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ሌላው የናቃቸውን፣ ዋጋቸው የወረደ የድሮ ኩባንያዎች ያዘ፤ አየር መንገድ ሳይቀር። እሱ የያዛቸው እየወረዱ ሄዱ። እሱ የተጠየፋቸው ደግሞ ሰማይ ነኩ። ገንዘባቸውን የሰጡት ሰዎች ጎረቤታቸው ሲከብር እያዩ እስከ መቼ ይታገሡ? ማውጣት ጀመሩ። አንድም በኪሳራ፣ አንድም ሰዎቹ ገንዘባቸውን በማውጣታቸው 22 ቢሊዮኑ 6 ቢሊዮን አካባቢ ደረሰ። በመጨረሻ «በቃኝ፣ ዘግቻለሁ» አለ።

አሁን ቀኑን ልብ በል። ናዝዳክ ጣራ የነካው ማርች 10 ቀን 2000 ነው፣ 5,048 ላይ። ሮበርትሰን መዝጋቱን ያስታወቀው ማርች 30። በኦክቶበር 2002 ናዝዳክ 1,114 ነበር። ከመቶው 78ቱ ቀልጧል። ሰውየው ሲናገር የነበረው ሁሉ ደረሰ፤ ሱቁ ግን ተዘግቷል።

ስለዚህ ያ ቻናል «ከሕዝቡ ተለይ» ሲልህ፣ ተለይተህ ስንት ዓመት መቆም እንደምትችል ጨምሮ ይንገርህ።

የአራት_ኪሎው፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ይሄ ተስፋ ያስቆርጣል እኮ። ትክክል ሆኖ ከዘጋ ትክክል መሆኑ ምን ፈየደለት?

ሂሳብ_ሹሟ፦

እኔ ሥራዬ ሒሳብ ነው፣ አዲስ አበባ። ከመጀመሪያው ጥያቄህ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሁሉም ዘለለው።

«የቱ ነው ሕዝቡ?» ብለሃል። ሕዝቡን የምታገኘው ሰው በመቁጠር አይደለም። ሕዝቡ አሻራውን የሚተወው ዋጋ ላይ ነው። ገበያ ውስጥ ገዢ ሲበዛ ዋጋ ይወጣል፣ ሻጭ ሲበዛ ይወርዳል። «ሕዝቡ አብዷል» ማለት «ሕዝቡ ዋጋውን ከሚገባው በላይ ገፍቶታል» ማለት ነው። «ሕዝቡ ፈርቷል» ማለትም እንደዚሁ፣ ዋጋው ከሚገባው በታች ወድቋል ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱ ካልተፈጠረ የምትቃወመው ነገር የለም።

የቴሌኮሙን ሽያጭ በዚህ እየው። 300 ብር ቁርጥ ዋጋ ነው። ሚሊዮን ሰው ቢሰለፍም 300 ነው፣ ማንም ባይመጣም 300 ነው። የሚገዛው ኢትዮጵያዊ ብቻ ነበር፣ በቴሌብር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። ያልገዛው ሰው ኩባንያውን ጠልቶ ይሁን፣ 9,900 ብር አጥቶ ይሁን፣ ነገ ቸግሮኝ ብሸጠው ማን ይገዛኛል ብሎ ይሁን፣ ከቁጥሩ አይነበብም። የሰው አለመግዛት ዋጋውን አንድ ብር አላወረደልህም። ታዲያ ሰው ስለፈራ አንተ ምን አተረፍክ? ምንም። ግዛም አትግዛም አላልኩም። «ሕዝቡ ስላልገዛ» የሚለው ምክንያት ሊሆን አይችልም ነው ያልኩት።

ሁለተኛ ነገር። ሕዝቡ ሁልጊዜ ተሳስቷል የሚለው ራሱ ስህተት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሕዝቡ ልክ ነው። የሚሳሳተው ጫፍ ላይ ነው። ጫፉን ደግሞ ቀድሞ የሚያውቅ የለም። ዲሴምበር 1996 ላይ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀመንበር የነበሩት አለን ግሪንስፓን የገበያው ስሜት ከልክ አልፏል የሚል ነገር ተናገሩ። ኤስ ኤንድ ፒ 500 (የ500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን መለኪያ) በዚያ ቀን 744 አካባቢ ነበር። እሳቸውን ሰምቶ የሸጠ ሰው ገበያው በ2000 ከ1,500 በላይ ሲወጣ በባዶ እጁ አየ። «ግዴለም፣ ሲወድቅ በርካሽ እገባለሁ» ቢልስ? በ2002 ፈረሰ በተባለበት ጊዜ ዝቅተኛው የቀን መዝጊያ 776 ነው። ከሸጠበት በላይ! ስድስት ዓመት ጠብቆ፣ ፍርስራሹም ከእሱ መሸጫ ይወደዳል። ግሪንስፓን ስለ ስሜቱ ልክ ነበሩ። ሻጩ ግን ከዚያ ልክነት ምንም አላገኘም።

ኢስትሊ_ነጋዴ፦

ሰላም ወገን፣ ናይሮቢ ነኝ። አንድ ሰፈራችን የሆነ ነገር ላካፍላችሁ። ለእናንተም ይጠቅማል፣ ምክንያቱም እዚያ የሚጀመረው ሁሉ እዚህ ሆኗል።

በ2008 እንደ ፈረንጅ የኬንያ መንግሥት ከሳፋሪኮም፣ ከስልክ ኩባንያው ላይ 25 በመቶ ሸጠ። 10 ቢሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ5 ሽልንግ። ኤምፔሳ፣ የኩባንያው የስልክ ገንዘብ፣ ከተጀመረ ገና ዓመቱ ነበር። ከምርጫው በኋላ የነበረው ግርግር እንኳ በወጉ አልበረደም። ግን አቤት ሰልፍ! ደላሎቹ ቢሮ በር ላይ ሰው ከጠዋት ጀምሮ መታወቂያውን ይዞ ይገተራል። ጥበቃው፣ አስተማሪው፣ አትክልት ሻጯ፣ ሁሉም። ባንኮች አክሲዮን መግዣ ብድር ይሰጡ ነበር። የመጣው ገንዘብ ከቀረበው አምስት እጥፍ በላይ ሆነ።

ከሱቄ ጎን አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ኬንያዊ። ከባንክ ተበድሮ ገባ። አሁን የሆነውን ተከተሉኝ። ፈላጊ ስለበዛ ለተራው ሰው የደረሰው ካመለከተው አምስተኛው ያህል ነው። የቀረው ገንዘብ ይመለሳል፤ ግን ዛሬ ነገ እየተባለ ቆየ። ወለዱ ደግሞ የሚቆጠረው በሙሉው ብድር ላይ ነው። የመቶ ሺህ ወለድ እየከፈለ የያዘው የሃያ ሺህ አክሲዮን ነው። ሲጀመር የገባው «የመጀመሪያው ቀን እሸጣለሁ፣ ዕዳዬን እከፍላለሁ» ብሎ ነበር። ጁን 9 ቀን ገበያው ተከፈተ፣ ዋጋው 7 ሽልንግ አለፈ። ሰው ጨፈረ። እሱ ግን አልሸጠም፣ አሥር ይገባል ብሎ። ዓመቱ ሳያልቅ ከአምስት ወረደ። በ2009 መጀመሪያ ከሦስትም በታች። ባንኩ ሲያስጨንቀው ያገኘበት ዋጋ ሸጦ ወጣ።

እህቱ ግን ያላትን ትንሽ ብር ነው ያስገባችው፣ ሳትበደር። አልሸጠችም፣ ረስታው ነበር ማለት ይቀላል። በ2021 ያው አክሲዮን 40 ሽልንግ አለፈ። በየመሀሉ የትርፍ ክፍፍልም አለ። (ከዚያ በኋላ መልሶ ከግማሽ በላይ ወርዶ ነበር፣ እሱንም ልንገራችሁ።)

አሁን ማን ይንገረኝ፤ በዚያ ሰልፍ ላይ የነበረው ሕዝብ ተሳስቷል ወይስ አልተሳሳተም? ወንድምና እህት አንድ ሰልፍ ላይ ነው የቆሙት፣ አንድ ዋጋ ነው የከፈሉት።

ሂሳብ_ሹሟ፦

ይሄንን ነው የምፈልገው! አመሰግናለሁ ወንድሜ። ስለ ኩባንያው ሕዝቡ አልተሳሳተም። ስለ ብድሩ ነው የተሳሳተው።

ቦምብ_ተራ፦

እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ሊስትሮው ስለ አክሲዮን ማውራት ሲጀምር ሸጠህ ውጣ ይባላል። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ አባት በ1929 የአሜሪካ ገበያ ሲፈርስ እንደዚያ ነው የዳነው አሉ።

ጋሽ_ታዛቢ፦

ያቺ ታሪክ በጣም ትወራለች፤ የተረጋገጠች ግን አይደለችም። ደግሞ ሊስትሮን አትናቁብኝ። እኔ ካየሁት ታክሲ ተራው ላይ ከሚያወራው ይልቅ ከረባት ያሰረው ነው በብዛት የሚከስረው። በ1929 ያበዱት የባንክ ሰዎችና ፕሮፌሰሮችም ናቸው። ዳው የሚባለው የአሜሪካ አክሲዮን መለኪያ ሴፕቴምበር 3 ቀን 381 ነበር፤ በ1932 ጁላይ 41 ሆነ። ያንን ያመጣው የሊስትሮ ወሬ አይደለም፤ ውድቀቱን ካባባሱት አንዱ በብድር የተገዛ አክሲዮን ነው። ያ የኢስትሊው ልብስ ሰፊ ነገር፣ በአገር ደረጃ።

ሚኪ_ዳላስ፦

እናንተ የድሮውን ትሉታላችሁ፣ እኔ የዘመኑን ላምጣ። ጌምስቶፕ!

ለማያውቅ፦ ጌምስቶፕ የቪዲዮ ጌም የሚሸጥ የሱቅ ሰንሰለት ነው። በ2020 ትልልቆቹ ፈንዶች (የሰው ገንዘብ ሰብስበው የሚነግዱ ድርጅቶች) ይሄ ሱቅ አለቀለት ብለው ሾርት አደረጉት። ሾርት ማለት አክሲዮን ተበድረህ ትሸጣለህ፤ ሲወርድ በርካሽ ገዝተህ ትመልሳለህ፤ ልዩነቱ የአንተ ነው። ከወጣ ግን ኪሳራህ ወሰን የለውም። ከመብዛታቸው የተነሳ ሾርት የተደረገው አክሲዮን ገበያ ላይ ካለው በለጠ። ሬዲት ላይ ያሉ ልጆች ይሄን አይተው ገዙ፣ ገዙ፣ ገዙ። ጃንዋሪ 2021 መጀመሪያ 17 ዶላር ገደማ የነበረው ጃንዋሪ 28 ቀን 483 ነካ። (የያኔው ዋጋ ነው፣ በኋላ አክሲዮኑ ለአራት ተከፍሏል።) ሜልቪን ካፒታል የሚባለው ፈንድ በዚያ ወር ብቻ 53 በመቶ አጣ።

እኔ ትራክ ነጂ ነኝ። በዚያ ሳምንት ኦክላሆማ አንድ የትራክ ማረፊያ ላይ ገብቼ ሻወር ተራ ስጠብቅ ዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አፍጧል። ሐበሻ፣ ሜክሲኮ፣ ፑንጃቢ፣ ሁሉም ያቺን አረንጓዴ መስመር። አንዱ ጮኸ «አራት መቶ!»። እኔ በጊዜ ወጥቼ ትንሽ አገኘሁባት፤ እውነቱን ለመናገር ዕድል ነው።

ነጥቤ ይሄ ነው። እዚያ ከሕዝቡ የተለየው ማነው? ሬዲቶቹ «ዎል ስትሪትን እየተቃወምን ነው» ይላሉ። ፈንዶቹ «ሕዝቡ ያበደበትን እኛ ሾርት አድርገናል» ይላሉ። ሁለቱም ራሳቸውን ብልህ ብቸኛ አድርገው ነው የሚያዩት። ሁለቱም ግን መንጋ ናቸው!

ቦምብ_ተራ፦

ከዚያስ? ገዢዎቹ በዓመቱ ቪላ ሠሩ?

ሚኪ_ዳላስ፦

ጃንዋሪ 28 ቀን ሮቢንሁድና ሌሎች አክሲዮን መገበያያ አፖች መግዛትን ከለከሉ፣ መሸጥ ብቻ። ተናደን ሞትን። ዋጋው ፌብሩዋሪ 19 ላይ 40 አካባቢ ነበር። 400 ላይ የገባው ሰው ብዛቱን አስበው። እኔ የማውቀው ልጅ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ያጠራቀመውን ነው ያስገባው።

ሂሳብ_ሹሟ፦

ሚኪ፣ ሁለቱም መንጋ ናቸው ያልከው ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምርበት። በ1950ዎቹ ሰለሞን አሽ የሚባል የሥነ ልቦና ሰው ያደረገው ሙከራ አለ። ክፍል ውስጥ ሰዎች የመስመር ርዝመት እንዲያወዳድሩ ይጠየቃሉ፤ መልሱ በዓይን የሚታይ ቀላል ነገር ነው። ከአንዱ በስተቀር ሌሎቹ የተመካከሩ ናቸው፣ ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ያ ያላወቀው ሰው እነሱ ከተሳሳቱበት ጊዜ ሲሶውን ያህል አብሯቸው ተሳሳተ። ግን ከተመካከሩት መሀል አንድ ሰው ብቻ እውነቱን እንዲናገር ሲደረግ፣ አብሮ መሳሳቱ በጣም ቀነሰ።

ብዙ ሰው ይሄን እንደ መልካም ዜና ነው የሚያነበው፤ አንድ ጓደኛ ይበቃል ብሎ። እኔን ግን ያስፈራኛል። ያ ጓደኛ ተሳስቶስ ቢሆን? የአራት ኪሎው ልጅ የሚከታተለው ቻናል ብቻውን የሚቆም ሰው አያፈራም። ለብቻው ለመቆም ለፈራ ሰው ሌላ ሰልፍ ያዘጋጅለታል። እዚያ ገብተህ «እኛ የተለየን ነን» እያልክ አብረህ ትሰለፋለህ።

እትዬ_ሳልሚያ፦

ልጆች እንዴት ናችሁ። ኩዌት ነው ያለሁት፣ ብዙ ዘመኔ ነው። ስለ አክሲዮን አላውቅም፣ ግን የምሠራበት ቤት ሽማግሌው አባወራ የነገሩኝ አንድ ነገር አለ። በኋላ ስጠይቅ የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ሱቅ አል መናኽ ይሉታል።

በ1980 እና 81 ሰው ሁሉ አክሲዮን ገዢና ሻጭ ሆነ አሉ። ዋናው ገበያ ሳይሆን በጎን የተከፈተው፣ ደንብ የሌለው። የሚገዙት በጥሬ ገንዘብ አይደለም፣ ወደፊት ቀን በተጻፈበት ቼክ ነው። ዛሬ ገዝቼ ከስድስት ወር በኋላ የሚመነዘር ቼክ እሰጥሃለሁ። እስከዚያ አክሲዮኑ ስለሚወጣ ሸጬ እከፍልሃለሁ። አንተም ያንን ተማምነህ ለሌላው ቼክ ትጽፋለህ። ሌላውም እንዲሁ። ቼኩን ወስዶ የሚመነዝር የለም፤ መመንዘር ነውር ነው፣ አለማመን ነው። እንደዚህ እየተባለ የተጻፈው ቼክ ሁሉ ሲደመር ወደ 94 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በ1982 ክረምት ላይ ቀኑ ሳይደርስ ቼክ ይዞ ባንክ የሄደ ሰው ተገኘ። ገንዘብ የለም። አለቀ። መንግሥት ገብቶ ዕዳውን ለመፍታት ብዙ ዓመት ፈጀበት።

«ያን ጊዜ እርስዎ አልጠረጠሩም ወይ?» አልኳቸው። «ሁላችንም እንጠረጥር ነበር፣ ግን የጠረጠረው ሁሉ ከነገ ወዲያ ለመውጣት ነው ያሰበው» አሉኝ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለካ እዚህ አይሠራም። ገደሉንማ አይተውታል።

ቦምብ_ተራ፦

እትዬ ይሄ መርካቶ ነው እንዴ? ቀን የተጻፈበት ቼክ ያለችው ነገር ልቤን አቆመችው። እኔ ራሴ መሳቢያዬ ውስጥ ሁለት አሉኝ።

እትዬ_ሳልሚያ፦

ቶሎ ሂድና መንዝራቸው ልጄ።

ጋሽ_ታዛቢ፦

እትዬ፣ ከተባለው ሁሉ የእርስዎ ይበልጣል። ሁሉም ጠርጥሯል፣ ሁሉም ቆይቷል።

አሁን የልጁን ጥያቄ ልመልስ፤ ትክክል መሆን ምን ይፈይዳል ብሎኝ ነበር። ሮበርትሰንን ከሌላ ሰው ጋር አስተያዩት። ማይክል በሪ የሚባለው የካሊፎርኒያ ሐኪም የነበረ ሰው ነው። በ2005 የአሜሪካ የቤት ብድር እንደሚፈርስ ገባው። ብድሮቹ ሲበላሹ ገንዘብ የሚያስገኝለት የኢንሹራንስ መሰል ውል ገዛ። እስኪበላሹ ድረስ ግን በየጊዜው ከፋይ ነው፤ ገንዘቡ ይንጠባጠባል። በ2006 ገንዘባቸውን የሰጡት ሰዎች «አብደሃል፣ መልስልን» አሉት። እሱ ምን አደረገ? በውሉ ላይ መብት ነበረውና ከፊሉን ቆለፈው፤ አይወጣም አለ። ሰደቡት፣ በጠበቃ አስፈራሩት። በ2007 ውሎቹ ከፈሉ፤ እነዚያው ተሳዳቢዎች ከበሩ።

ሁለቱም ከሕዝቡ ተለይተዋል፣ ሁለቱም ልክ ነበሩ። ልዩነቱ የሮበርትሰን በር ክፍት ነበር፣ የበሪ ተቆልፏል። አእምሮ አይደለም የለያቸው።

ባፌትም ያው ነው። በኦክቶበር 2008 ኒውዮርክ ታይምስ ላይ «እኔ የአሜሪካ አክሲዮን እየገዛሁ ነው» ብሎ ጻፈ። ሰው ሁሉ ጀግና ነው ይላል። ኤስ ኤንድ ፒ ያኔ 940 አካባቢ ነበር። ማርች 2009 ላይ 676 ደረሰ። ከተናገረ በኋላ እንኳ ከመቶ 28 ያህል ወርዷል! ሌላ ሰው ቢሆን በአምስት ወር ውስጥ መሳለቂያ ሆኖ ገንዘቡን ያስወጡት ነበር። የሱ ኩባንያ ባለአክሲዮን ግን መሸጥ ቢፈልግ ለሌላ ሰው ነው የሚሸጠው እንጂ ከባፌት ካዝና አያወጣም። ስለዚህ መጠበቅ ቻለ።

የእኔና የአንተ ካዝና ግን ክፍት ነው ልጄ። የቤት ኪራይ አለ፣ የልጅ ትምህርት ቤት አለ፣ እናት ትታመማለች።

ሚኪ_ዳላስ፦

ጋሼ ታዲያ ቀላል ነው እኮ። የማልፈልገውን ብር ብቻ ላስገባ፣ ሲወድቅ ልግዛ፣ ዝም ብዬ ልጠብቅ። ገበያ መጨረሻ ላይ ይመለሳል።

ሂሳብ_ሹሟ፦

ሚኪዬ፣ ጃፓን ሂድና ይሄን በልልኝ።

ኒኬይ፣ የጃፓን አክሲዮን መለኪያ፣ በዲሴምበር 1989 መጨረሻ 38,915 ነበር። ኦክቶበር 1990 ላይ ወደ 20 ሺህ ወረደ። በዓመት ውስጥ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሁሉም እየሸሸ ነው፤ የሚያለቅስ ብዙ ነው። በዚያ የቻናል ሕግ ከሄድክ ከዚህ የተሻለ መግዣ የለም። ገዛህ እንበል። በ2009 ማርች 7,054 ነው። የ1989ኙን ጣራ ያለፈው ፌብሩዋሪ 2024 ነው፣ 34 ዓመት። ጣራው ላይ በ30 ዓመትህ ገብተህ ከሆነ ጡረታ ልትወጣ ነው።

ምን ሆነ? የወረደው ዋጋ ራሱ ገና ውድ ነበር። ከትላንት መርከሱ ርካሽ አያደርገውም። «ሕዝቡ ሸሸ» የሚነግርህ አቅጣጫውን ብቻ ነው። ስንት ያወጣል የሚለውን ራስህ ማስላት አለብህ። እሱን ለማስላት የኩባንያውን ትርፍ ማየት ነው፣ ሌላ አቋራጭ የለውም።

ሚኪ_ዳላስ፦

ሁሉም አገር ጃፓን አይደለም። እኔ በአሜሪካ ኢንዴክስ ፈንድ (የገበያውን ኩባንያዎች በጅምላ፣ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ የሚገዛ) አልከፋኝም፣ በየወሩ አስገባለሁ። እሱ ደግሞ ከሕዝቡ ጋር መሄድ ነው ካላችሁ፣ ነኝ።

ሂሳብ_ሹሟ፦

በዚህ አልጣላህም። በየወሩ ማስገባት ሕዝቡ ምን አሰበ የሚለውን ጥያቄ ጭራሽ የማይጠይቅ ብቸኛ ዘዴ ነው።

የአራት_ኪሎው፦

ሁላችሁንም አነበብኩ፣ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ። እኔ ጋ ግን ናዝዳክም ኒኬይም የለም። ያለው የባንክ አክሲዮን ነው። እሱ ላይ ደግሞ «ባንክ አይከስርም» የማይል ሰው አላገኘሁም። አጎቴ፣ የቢሮ ሰው፣ ፀጉር ቆራጬ። ይሄስ ሕዝብ ነው?

ሂሳብ_ሹሟ፦

ይሄማ ሕዝብ ነው። አሁን ጥሩ ቦታ ደረስክ።

ለረጅም ጊዜ የባንክ ሼር የገዛ ሰው ጥሩ የትርፍ ክፍፍል ሲያገኝ ኖሯል። ከዚያ የመጣ እምነት ነው፣ ከምድር አልበቀለም። ግን አንድ ነገር ተቀይሯል። ብሔራዊ ባንክ ነባሮቹ ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን (ባለአክሲዮኖቹ ያዋጡትን ገንዘብ) እስከ ሰኔ 2018 ድረስ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ አዟል። ስለዚህ ብዙዎቹ አዲስ አክሲዮን ሲሸጡ ነው የከረሙት። ይሄ ምን ያመጣል?

ከራሴ በፈጠርኩት ቁጥር ላሳይህ። አንድ ባንክ ካፒታሉ 2 ቢሊዮን ነው፤ አንዱ አክሲዮን 1,000 ብር፣ ስለዚህ 2 ሚሊዮን አክሲዮን አለው። በዓመት 600 ሚሊዮን አተረፈ። ለአንድ አክሲዮን 300 ብር ይደርሳል። በኋላ ካፒታሉን 5 ቢሊዮን አደረሰ፤ 5 ሚሊዮን አክሲዮን ሆነ። ትርፉ አድጎ 900 ሚሊዮን ገባ። ዜናው «ትርፉ በ50 በመቶ አደገ!» ይላል። ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰው ግን 180 ብር ነው። ሁለቱም ቁጥር አንድ ሪፖርት ውስጥ አለ። ሰው የሚያነበው የመጀመሪያውን ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሻጩ የጠየቀህ ዋጋ ነው። 1,000 የተጻፈበትን 1,000 ብሎህ ነው ወይስ 1,800? በ180 ብር ላይ ሁለቱ የተለያየ ዕቃ ነው። «ባንክ አይከስርም» እውነት ቢሆን እንኳ ለዚህ መልስ አይሰጥህም።

የምትፈልገው ባንክ ገጽ ላይ ገብተህ ያለፉትን አምስት ዓመታት ዓመታዊ ሪፖርት አውርድ። በአንድ አክሲዮን የደረሰውን ትርፍ ብቻ በመስመር ጻፈው። ከዚያ የተበላሸ ብድር ምን ያህል እንደሆነ እይ። ማስታወሻዎቹን አንብብ፤ ከኋላ በትንንሽ ፊደል ያለውን።

ጋሽ_ታዛቢ፦

እሷን ስማት። ደግሞ በብድር እንዳትገባ።

ኢስትሊ_ነጋዴ፦

በብድር እንዳትገባ፣ ሁለት ጊዜ ተብሏል።

የአራት_ኪሎው፦

እሺ። የአንዱን ባንክ ሪፖርት አገኘሁት። ግን ፒዲኤፉ ስካን ሲደረግ ግማሹ ገጽ ተገልብጦ ነው የገባው፤ ማስታወሻዎቹ በሙሉ ቁልቁል ናቸው።

ቦምብ_ተራ፦

እሱን ሕዝቡ አላነበበውም ማለት ነው። ስልክህን ገልብጠውና ጀምር።

ሂሳብ_ሹሟ፦

በአንድ አክሲዮን የደረሰውን ትርፍ ስታገኝ እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን። የባንኩን ስም ግን አትጻፍ፣ ነገ ቻናሉ ላይ ይወጣል።